ከሙኒክ በሞተር ብስክሌት ድንበር ተሻግሮ መመለስ፦ ለቅዳሜና እሁድ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ሙኒክና አካባቢው የምንኖር ሞተር ብስክሌት ነጂዎች የታደልንበት ነገር ቢኖር ጠዋት ከቤት ወጥተን ምሳችንን ሌላ አገር መብላት መቻላችን ነው። ኦስትሪያ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይገባል፤ ቼክ ከሁለት ሰዓት ተኩል ብዙ አይርቅም፤ ጣሊያንም ቢሆን ማልዶ ለተነሳ ሰው ከቀትር በፊት ይደረሳል። ችግሩ የምርጫው መብዛት ነው። ሐሙስ ማታ ጓደኛሞች ተሰብስበው «ወዴት እንሂድ?» ሲባባሉ አንዱ በቪዲዮ ያየውን የጣሊያኑን የተራራ መንገድ ስቴልቪዮን ያነሳል፣ ሌላው የኦስትሪያውን ግሮስግሎክነርን፣ ሦስተኛው «ርካሽ ነው» ብሎ ቼክን። መጨረሻ ላይ ድምፁ ከፍ ያለው ያሸንፍና ቅዳሜ ግማሹ ሰው ወገቡን ይዞ አውራ ጎዳና ላይ ይውላል።

ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛ፣ ቀጥሎ መንገድ። ስለ ሞተር ብስክሌት ብራንድ እዚህ አይነሳም። ፍሬኑና ጎማው ደኅና እስከሆነ ድረስ 300 ሲሲም ሆነ 1200 ሲሲ ከታች ያሉትን መንገዶች ሁሉ ይወጣል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ቀኑንና ወሩን ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ከመንገዱ በፊት ወረቀቱ

ከውበትም ከዋጋም በፊት አንዳንዱን መንገድ ከዝርዝሩ የሚሰርዘው ወረቀት ነው። በተለይ ሦስት ወረቀቶች።

የመጀመሪያው መንጃ ፈቃድ ነው። በጀርመን የመኪና መንጃ ፈቃዱ ላይ ቢ196 የሚለውን ኮድ አስጨምሮ 125 ሲሲ የሚነዳ ሰው ልብ ይበል፤ ይህ ፈቃድ የሚያገለግለው በጀርመን ምድር ብቻ ነው። ከድንበሩ ማዶ ያለችው የኦስትሪያ መንደር አኸንኪርኽ ድረስ እንኳ ቢሄድ ያለ መንጃ ፈቃድ እንደነዳ ይቆጠራል። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ኢንሹራንሱ የከፈለውን ገንዘብ መልሶ ከኪሱ ሊጠይቀው ይችላል። ኤ1፣ ኤ2 ወይም ሙሉውን ኤ የሞተር ብስክሌት ፈቃድ የያዘ ሰው ግን ጀርመንን፣ ኦስትሪያን፣ ጣሊያንንና ቼክን፣ አራቱንም አገር ያለ ችግር ይነዳል። ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነው መንጃ ፈቃድ ጀርመን ነዋሪ ከሆንን በኋላ ለስድስት ወር ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ተፈትኖ መቀየር ግድ ነው።

ሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ አንድ ላይ የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መዘዋወር ይችላል። ሰማያዊውን የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከካርዱ ጋር የያዘም እንዲሁ። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ያልተወሰነላቸው እና ዱልዱንግ (ከአገር መባረርን ለጊዜው የሚያቆይ ወረቀት) ብቻ የያዙ ግን ድንበር መሻገር አይችሉም፤ «ማን ያየናል» የሚባልበት ነገር አይደለም። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ቁጥጥር መልሳለች፤ እሁድ ማታ ከኦስትሪያ ሲመለሱ በድንበሯ ከተማ በኩፍሽታይን አካባቢ ወይም ከቼክ ሲመጡ ፖሊስ እጁን ቢያነሳ አይግረማችሁ። ስልክ ላይ ያለ የፓስፖርት ፎቶ አይበቃም። ካርዱን ለማሳደስ አስገብቶ ጊዜያዊ ወረቀት የተሰጠው ሰው፣ ያ ወረቀት ድንበር ያሻግር እንደሆነ የውጭ ዜጎች ቢሮውን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የወረቀቱ ዓይነት ይለያያል።

ሦስተኛው ሊብሬው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያየውም። የጀርመኑን ሊብሬ ገልብጣችሁ በላቲን «ዩ.1» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ከጎኑ ያለው ቁጥር ሞተር ብስክሌቱ ቆሞ ሲያጓራ የሚያወጣው የድምፅ መጠን በዴሲቤል ነው። ቁጥሩ ከ95 ከበለጠ በበጋው ወራት በቲሮል ክፍለ ሀገር በሮይተ አውራጃ ባሉት የሞተረኛ መንገዶች ማለፍ አይፈቀድም። ክልከላው የወጣው በ2020 ነው፤ የሌኽ ሸለቆና 1894 ሜትር ከፍታ ያለው የሃንተንዮኽ መተላለፊያ የዚህ አካል ናቸው። ጭስ ማውጫው ኦሪጅናል መሆኑ አያድንም፤ የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ከታች ካሉት አራት መንገዶች አንዱም በዚያ አውራጃ አያልፍም፤ እግረ መንገዳችሁን ወደዚያ ልትዘልቁ ካሰባችሁ ግን ሊብሬው ይታይ።

ሞተር ብስክሌቱ የኪራይ ከሆነ ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ ወደ ውጭ አገር መውጣት የሚፈቀድባቸው አገሮች ዝርዝርና በቀን የተፈቀደው ኪሎ ሜትር። በሙኒክ መካከለኛ ሞተር ብስክሌት በቀን ከ100 እስከ 150 ዩሮ አካባቢ ይከራያል፤ መያዣ ገንዘብ ለብቻው ነው። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚፈቅድ ውል ከታች ላሉት መንገዶች አይሆንም፤ ትርፉ ኪሎ ሜትር ሲታሰብ የሆቴል ዋጋ ያክላል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ነው። ሰው ስለ ተራራው ከፍታ ይጠይቃል፤ መጠየቅ ያለበት ግን ከቤት ከወጣሁ ስንት ሰዓት በኋላ ነው ጥሩው መንገድ የሚጀምረው ብሎ ነው። በሁለት ቀን ጉዞ ውስጥ አውራ ጎዳና ላይ ያለቀ ሦስት ሰዓት አይመለስም፤ እሁድ ደግሞ ይደገማል። ስቴልቪዮን ከዝርዝሩ ያወጣሁት በዚህ ነው። በ2757 ሜትር ከፍታው፣ በአንድ ወገን ብቻ ባሉት 48 ቁልምም ኩርባዎቹ የታወቀ ነው፤ ከሙኒክ ግን ሩቅ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ብስክሌተኛው፣ ካምፐሩና አውቶቡሱ ኩርባው ላይ ይፋጠጣሉ። ለአራት ቀን እረፍት ይቆይ።

ሁለተኛው የመንገዱ ክብደት ነው። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወጣ ሰው ገደል አያስደነግጠውም ይባል ይሆናል፤ ራስህ መሪ ስትይዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ኋላ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ ይብሳል። ሦስተኛው ወጪ ነው፤ ቤንዚኑ በሁሉም ይቀራረባል፣ የሚለየው የመንገድ ክፍያና የማደሪያው ዋጋ ነው። አራተኛው ወቅትና አየር።

አምስተኛውን የጀርመን መመሪያዎች አይጽፉትም፤ ምግብ። የሞተር ብስክሌት ወቅት ከሐዋርያት ጾምና ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 መሆኑን ያሰበ ሰው፣ አንድ የተራራ ምግብ ቤት ገብቶ ዝርዝሩን ሲያነብ አይብ፣ ቅቤና የአሳማ ሥጋ የሌለበት ነገር ድንች ብቻ መሆኑን ያያል፤ ድንቹም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚጠበሰው። ሙስሊም ወንድሞቻችንም የአሳማው ነገር ያሳስባቸዋል። ስለዚህ ምግብን እንደ መመዘኛ ያዝኩት።

አንደኛ፦ አኸንዜ፣ ጌርሎስና ክሪምል (ኦስትሪያ)

ከሙኒክ በባድ ቶልስና በዚልቨንሽታይን ግድብ አድርጎ ወደ አኸንኪርኽ የሚወስደው መንገድ ከአውራ ጎዳና ውጭ ስለሆነ የኦስትሪያ የአውራ ጎዳና ክፍያ፣ ቪንየት የሚሉት፣ አያስፈልገውም። ጥሩው መንገድ ከቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። በዚህ መመዘኛ የሚወዳደረው የለም።

አኸንዜ የቲሮል ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 133 ሜትር ይደርሳል። ከሐይቁ ወደ ኢን ሸለቆ ሲወረድ ካንትሰልኬረ የሚባል መመልከቻ አለ፤ ሸለቆው በሙሉ ከታች ይዘረጋል። ከዚያ በሲለርታል ወደ ውስጥ፣ በጌርሎስ የክፍያ መንገድ (ለሞተር ብስክሌት 10 ዩሮ ገደማ) ወደ ክሪምል። የክሪምል ፏፏቴ በሦስት እርከን 380 ሜትር ይወርዳል፤ መንገዱ ላይ ቆሞም ይታያል። መመለሻው በሚተርሲል፣ በቱርን መተላለፊያ፣ በኪትስቢውልና በኩፍሽታይን ነው። ዙሪያው ከ350 እስከ 380 ኪሎ ሜትር ነው። ከድንበሩ እስከ ደቡብ ኩፍሽታይን መውጫ ያለው አውራ ጎዳና ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ከቪንየት ነጻ ስለሆነ መግቢያውም መውጫውም አያስከፍልም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጥቶ ምሽት 2 ሰዓት ቤት መግባት ይቻላል፤ ማደሪያ ከያዙ ደግሞ በእርጋታ ይሄዳሉ። እሁድ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ጉድለቱ ሰው ማብዛቱ ነው፤ የሙኒክ ሕዝብ ግማሹ በአንድ ሐሳብ የወጣ ይመስላል። ወደዚያ ሲወጡ በኮኸል በኩል ልሂድ የሚል ደግሞ ይጠንቀቅ፦ የኬሰልበርግ መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው አቅጣጫ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓል ቀን ለሞተር ብስክሌት ዝግ ነው።

ሁለተኛ፦ ግሮስግሎክነር (ኦስትሪያ)

ይህ በ1935 የተከፈተ 48 ኪሎ ሜትር የተራራ መንገድ ነው፤ 36 ቁልምም ኩርባ አለው፤ ከፍተኛው የማለፊያ ነጥብ ሆኽቶር 2504 ሜትር ላይ ነው። አስፋልቱ ሰፊ ነው፣ ጥገናው አይጓደልም፤ ኩርባውም ወጥ ስለሆነ መጀመሪያ ሲታይ ከሚያስፈራው ይልቅ ቀላል ነው። በዚህ የተነሳ ለጀማሪ ከታች በሦስተኛ ደረጃ ካለው ከቲመልስዮኽ መተላለፊያ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

የሚያስቆጨው ዋጋው ነው። የቀን መግቢያው ለሞተር ብስክሌት 30 ዩሮ አካባቢ ነው። መመለሻውን በሊንስና በፌልበርታወርን ዋሻ ካደረጋችሁ ዋሻውም ለብቻው ያስከፍላል። ገንዘቡ የሚክስ እንዲሆን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት የክፍያው በር ላይ መድረስና ወደ ካይዘር ፍራንስ ዮዜፍ ከፍታ ገብቶ የፓስተርትሰን የበረዶ ግግር ማየት ያስፈልጋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው 30 ዩሮ ከፍሎ የአውቶቡስ ጭስ ይከተላል። ያንን ለማድረግ ዓርብ ማታ ሴል አም ዜ አካባቢ ማደር ይሻላል፤ ማደሪያው ደግሞ በበጋ ርካሽ አይደለም።

ሦስተኛ፦ ደቡብ ቲሮል በቲመልስዮኽ (ጣሊያን)

ለሁለት ሙሉ ቀን አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በጋርሚሽ አቅጣጫ ይወጣል፤ በሚተንቫልድና በዜፌልድ አድርጎ በሲርለር ቁልቁለት ወደ ኢን ሸለቆ ይወረዳል። ይህ ቁልቁለት እስከ 16 በመቶ ይዘቀዝቃል፤ ፍሬን ይዞ ከመውረድ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ይሻላል። ከዚያ በኦትስታል ሸለቆ ወደ ላይ። ሸለቆው መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፤ መንደር ከመንደር ይያያዛል፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ከዘልደን በኋላ ግን መንደሩ ያበቃና ተራራው ይጀምራል። ሆኽጉርግል አጠገብ የክፍያ በር አለ፤ እዚያው የሞተር ብስክሌት ሙዚየም አለ፣ በጃንዋሪ 2021 ተቃጥሎ በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደገና የተከፈተ። ለአንድ ጉዞ የሚከፈለው ከ15 ዩሮ በላይ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ጓንት ማውለቅ፣ ከውስጥ ኪስ ቦርሳ ማውጣት፣ ከኋላ የመኪና መለከት፤ ይህን ሁሉ ላለማየት ካርዱን ብቻውን በጃኬቱ የደረት ኪስ አድርጉት።

መተላለፊያው 2474 ሜትር ላይ ነው። የኦስትሪያው ወገን በ1959፣ የጣሊያኑ ወገን በ1968 ነው የተከፈተው፤ ልዩነቱም ወዲያው ይታያል። ከድንበሩ በኋላ መንገዱ ይጠባል፣ ዋሻዎቹ ይጨልማሉ፣ ኩርባው ሳያስጠነቅቅ ይታጠፋል። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ዋሻ ሲገቡ ጥቁር የሄልሜት መስተዋት ያደረገ ሰው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ምንም አያይም፤ ከመግባቱ በፊት ይክፈተው። ወደ ቀኝ የሚታጠፉት ጠባብ ኩርባዎች ላይ ዓይን መውጫውን እንጂ ግንቡን አይይ። ሳንክት ሌዮንሃርድ ከደረሱ በኋላ ሸለቆው ሰፍቶ ወይንና አፕል ይጀምራል፤ ሜራኖ 325 ሜትር ላይ ስለሆነች ዘንባባ ይታያል። በአንድ ከሰዓት ከበረዶ ወደ ዘንባባ መውረድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ብርድ አንድ ነገር። የአዲስ አበባ ልጅ «2474 ሜትር? ሰፈሬ ነው» ብሎ በስስ ጃኬት ይወጣል። ከፍታው እውነትም ከአዲስ አበባ ብዙ አይበልጥም፤ ኬክሮሱ ግን ሌላ ነው። አየር በየ1000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ሙኒክ 25 ዲግሪ ሲሆን መተላለፊያው ላይ 12 ገደማ ነው፣ ነፋሱን ሳንቆጥር። በጁላይ እንኳ በረዶ ሊጥል ይችላል። መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ከጁን መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ያውም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት። በጁላይና በኦገስት ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ልማዱ ስለሆነ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት መተላለፊያውን ማለፍ ጥሩ ነው።

እሁድ መመለሻው በያውፈን መተላለፊያ ነው፤ 2094 ሜትር፣ ክፍያ የለውም። ብዙ ጊዜ ከቲመልስዮኽ ይልቅ ይህኛው ነው የሚያስደስተው፤ በጫካ ውስጥ ይወጣል፣ ኩርባዎቹ ይያያዛሉ። ከሽተርሲንግ በኋላ ብሬነር። አውራ ጎዳናው ለብቻው ከ10 ዩሮ በላይ ያስከፍላል፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የሉዌግ ድልድይ በጥገና ምክንያት በአብዛኛው በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ስላለው ሰልፉ ይረዝማል። ጎን ለጎን ያለው የድሮው መንገድ ነጻ ነው። ቲሮል በበጋ ቅዳሜና እሁድ ከአውራ ጎዳና ሸሽቶ በመንደር የሚያቋርጠውን ተላላፊ በተወሰኑ መውጫዎች ስለሚከለክል ግን ከመጀመሪያው በድሮው መንገድ መጓዝ እንጂ ሰልፍ ሲያጋጥም መሃል ላይ ለመውጣት መሞከር አያዋጣም። ከደቡብ የሚነፍሰው ፎን የሚባለው ነፋስ ሲበረታ 190 ሜትር ከፍታ ያለው የአውሮፓ ድልድይ ላይ ሞተር ብስክሌት ይገፋል፤ ይህም ለድሮው መንገድ ሌላ ምክንያት ነው።

ርቀቱ ደርሶ መልስ ከ520 እስከ 540 ኪሎ ሜትር ነው። ማደሪያ በሜራኖ መሃል ይወደዳል፤ በፓሳይር ሸለቆ መንደሮች ውስጥ ቁርስ ያለው ክፍል ለሁለት ሰው ከ120 ዩሮ አካባቢ ጀምሮ ይገኛል። አገሩ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የኦስትሪያ ነበር፤ በ1919 ወደ ጣሊያን ቢሄድም ጀርመንኛ ዛሬም ይነገርበታል። በኮርስ የተማርነው ጀርመንኛ ሆቴል ለመያዝም ጎማ ለማስጠገንም ይበቃል። ምግቡ ደግሞ ለጿሚ ከአራቱ ይሻላል። በደረቁ ፓስታ የተሠራ ስፓጌቲ በቲማቲም፣ ወይም ማሪናራ የሚባለው ፒሳ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ስላለው ያለ ማብራሪያ ይታዘዛል። በእጅ የተሠራ ትኩስ ፓስታ ግን እንቁላል አለበት። የአካባቢው የራሱ ማዕድ ግን ስፔክ በሚባለው የተጨሰ የአሳማ ሥጋ ነው የሚጀምረው።

አራተኛ፦ ሹማቫ (ቼክ)

ተራራ ለሰለቸው፣ ወይም ለፈራው፣ ወይም ብር ለቆጠበ። ከሙኒክ በዴገንዶርፍና በስቪዘል ወደ ባየሪሽ አይዘንሽታይን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ያለው የባቡር ጣቢያ የድንበሩ መስመር በሕንፃው መሃል የሚያልፍበት ነው፤ ለአምስት ደቂቃ መቆም ይገባዋል። ከዜሌዝና ሩዳ በኋላ የሹማቫ ደን ይጀምራል። ይህ አካባቢ በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ የተዘጋ የድንበር ቀጠና ነበር፤ ሰው የተነሳባቸው መንደሮች ብዙ ናቸው፤ መንገዱ ዛሬም ጭር ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በክቪልዳና በቮላሪ አድርጎ ወደ ሊፕኖ ሐይቅ፣ ከዚያ ወደ ቼስኪ ክሩምሎቭ ይደረሳል፤ ከተማዋ ከ1992 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ናት። ሞልታ ስለምትውል ማደሪያውን ሊፕኖ ዳር መያዝና ከተማዋን ማታ መጎብኘት ይሻላል። መመለሻው በሽትራዥኒ ነው። ጠቅላላው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው፤ ረጅም ይመስላል፣ ግን ኩርባው ገር ነው።

ቼክ ሞተር ብስክሌትን የአውራ ጎዳና ክፍያ አታስከፍልም። ክፍልም ምግብም ከኦስትሪያ ይረክሳል። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። አንደኛ፣ የአልኮል ወሰኑ ዜሮ ነው፤ ግማሽ ቢራም ብትሆን። የቢራ አገር ሄዶ ቢራ አለመቅመስ ይከብዳል፤ ሞተር ብስክሌቱ ከቆመና እስከ ነገ ካልተነሳ በቀር አይሞከር። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ኮሩና ነው፤ ዩሮ ይቀበላሉ፣ በመጥፎ ምንዛሪ። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በኮሩና?» ብሎ ሲጠይቅ ኮሩናን ምረጡ። አስፋልቱ ቦታ ቦታ ተለጣጥፏል፤ ጥላ ውስጥ ደግሞ እርጥበቱ አይደርቅም። የጾም ምግብ ነገር እዚህ ይከብዳል፤ ሥጋ የሌለበት ምግብ ሲሏችሁ የሚያመጡት የተጠበሰ አይብ ነው፣ ክኔድሊኪ የሚሉት የተቀቀለ ዳቦም ብዙ ጊዜ እንቁላልና ወተት አለበት። በፍልሰታ የሚሄድ ስንቁን ይዞ ይሂድ።

ስዊዘርላንድስ? ለሁለት ቀን አይመከርም። አውራ ጎዳናው የዓመት ክፍያ ብቻ ነው ያለው፤ ለሞተር ብስክሌትም እንደ መኪናው 40 ፍራንክ። እስከ ብሬገንዝ ያለው መንገድ አሰልቺ ነው፤ የፍጥነት ቅጣቱ ደግሞ የቀሪውን ወር በጀት ይበላል። አፔንሰል ያማረ ነው፤ ሦስት ቀን ሲገኝ።

ሲጠቃለል በሰንጠረዥ

ወጪው ለአንድ ሰው የቤንዚን፣ የመንገድ ክፍያ፣ የምግብና (ማደር ካለ) የአንድ ሌሊት ማደሪያ ግምት ነው። ኪራይ አልተካተተም።

| መንገድ | ጥሩው መንገድ የሚጀምረው | ርቀት | ክብደት | የመንገድ ክፍያ | ወጪ (ግምት) | ወቅት | የጾም ምግብ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| አኸንዜ–ክሪምል | በ1 ሰዓት | 350–380 ኪ.ሜ. | ቀላል | 10 ዩሮ ገደማ | 80 ዩሮ (ሳያድሩ) | ከሜይ እስከ ኦክቶበር | መካከለኛ |
| ግሮስግሎክነር | በ2 ሰዓት ተኩል | 500 ኪ.ሜ. | መካከለኛ | 40 ዩሮና ከዚያ በላይ | 190–220 ዩሮ | ከሜይ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ | አስቸጋሪ |
| ደቡብ ቲሮል | በ1 ሰዓት ተኩል | 520–540 ኪ.ሜ. | ከባድ | ከ15 ዩሮ በላይ | 180–220 ዩሮ | ከጁን እስከ ኦክቶበር | ጥሩ |
| ሹማቫ | በ2 ሰዓት | 600 ኪ.ሜ. | ቀላል | የለም | 120–140 ዩሮ | ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር | አስቸጋሪ |

በኦስትሪያ አውራ ጎዳና ላይ መግባት የግድ ከሆነ ዲጂታሉን ቪንየት የአንድ ቀን ወይም የ10 ቀን መግዛት ይበቃል፤ የሚመዘገበው በታርጋ ቁጥር ስለሆነ አንድ ፊደል መሳሳት እንዳልከፈለ ያስቆጥራል። የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ በኦስትሪያ ለሞተር ብስክሌትም ግዴታ ነው፤ ጀርመን ስለማይጠየቅ ብዙ ሰው አይዝም። የአደጋ ጊዜ ስልክ በአራቱም አገር 112 ነው።

ለማን የትኛው?

መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው፣ ወይም በ125 ሲሲ የሚሄድ ኤ1 ያለው ሰው አኸንዜን ይጀምር፤ ቢደክመው ቤቱ ቅርብ ነው። ሁለተኛ ጉዞው ሹማቫ ይሁን እንጂ ወዲያው ወደ ቲመልስዮኽ አይዝለል።

የትዳር አጋሩን ኋላ አስቀምጦ የሚሄድ ሰው፣ ደቡብ ቲሮልን ከወደደ፣ ሁለቱንም ጊዜ በያውፈን ይሂድ፤ የቲመልስዮኽ የጣሊያን ወገን ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ደስታ አይደለም። ወጪው ያሳሰበው ደግሞ ክፍሉን ለሁለት ሲካፈል፣ ከሚታደርባቸው መንገዶች ሁሉ ሹማቫ ይረክሳል።

ከኢትዮጵያ ወይም ከሌላ አገር እንግዳ መጥቶበት አልፕስን ላሳየው የሚል ግሮስግሎክነርን ይውሰደው፤ 30 ዩሮው የሚወጣው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። እንግዳው በሸንገን ቪዛ የገባ ከሆነ ድንበሩ ችግር አይሆንም፤ ፓስፖርቱን ግን ይያዝ።

ለብቻው የሚጓዝ ልምድ ያለው ሰው ደቡብ ቲሮልን በሴፕቴምበር ይሂድ፤ ነጎድጓዱ ይቀንሳል፣ ወይኑ ይለቀማል፣ ፍልሰታም አልፏል። የኦክቶበርፌስት ሳምንታት ሲሆኑ ግን ከብሬነር ወደ ሙኒክ የሚመጣው የጣሊያን መኪና ብዙ ስለሆነ እሁድ ከሰዓት ሳይሆን ጠዋት ይመለስ።

አምስትና ስድስት ሆኖ ለሚሄድ ቡድን ደግሞ መንገዱን የሚወስነው ከሁሉ ቀስ የሚለው ሰው ነው። እሱ የቡድኑ ሁለተኛ ሆኖ ይነዳል፣ መንገድ የሚያውቀው ከፊት፣ ሌላ ልምድ ያለው ከኋላ። በየመታጠፊያው የፊተኛው የኋላውን እስኪያይ ቆሞ ይጠብቃል። የቡድኑ አንዱ አባል ቢ196 ብቻ ካለው ደግሞ ጉዞው በጀርመን ውስጥ ይሁን፤ ለእሱ ሲባል ሁሉም በሜይ መጨረሻ ከቼክ ድንበር ወዲህ ወዳለው የጀርመን ደን፣ ወደ ባየሪሸር ቫልድ መሄድ ይችላል፣ ድንበሩ ለሌላ ጊዜ ይቆያል።